የቦታዎች የአደጋ ደረጃ አሰጣጥ፦ ለሮል ፕሌይ ጨዋታ መሪዎች

ሮል ፕሌይ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነው፣ መሪው ባዘጋጀው ዓለም ውስጥ የሚንቀሳቀሱበት ጨዋታ ነው። ጨዋታ መምራት የጀመረ ሰው ሁሉ የዚያን ዓለም ካርታ ስሎ ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ «የዚህ ቦታ አደጋ ከ1 እስከ 5 ስንት ይሁን?» ጫካውን 3 ልበለው ወይስ 4? ገደሉስ? በቃል መመለሱ ስለሰለቸኝ አሠራሩን እዚህ አስቀምጬዋለሁ። መመሪያው ጠረጴዛ ከብበው በዳይስና በወረቀት ለሚጫወቱ ነው፤ የምትጫወቱበት ሕግ የትኛውም ቢሆን ይሠራል።

ምሳሌዎቹ ከአዲስ አበባ ዳርቻ የተወሰዱ ናቸው፦ የባሕር ዛፍ ጫካ፣ የድንጋይ ካባ፣ የወንዝ ሸለቆ፣ ያላለቀ ኮንዶሚኒየም። ከተማው አልቆ ገጠሩ ሳይጀምር ያለው ስፍራ ለጨዋታ የሚሆን ነገር ሞልቶታል፤ ተጫዋቾቻችሁም መልኩን ስለሚያውቁት ብዙ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ፣ 3 ፍሬ። ከሉዶ ሳጥን የወጣ ይበቃል።
- የጨዋታው ዓለም ካርታ፣ በእጅ የተሳለም ቢሆን።
- ባለ መስመር ደብተር። ለአንድ ቦታ አንድ ገጽ ይያዝ።
- እርሳስና ላጲስ። በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቁጥሮቹ ይቀየራሉ።
- ለካርታው ቀይና ሰማያዊ እርሳስ።

አሠራር

1. የመለኪያ ሰው አዘጋጁ

መሣሪያ ያልያዘ፣ አስማት የማያውቅ፣ 10 ላይፍ (ሲጎዳ የሚቀነስ፣ ሲያልቅ የሚሞትበት የሕይወት ነጥብ) ያለው ጎልማሳ አስቡ። ስም አያስፈልገውም። ቦታዎቹ በሙሉ የሚለኩት በእሱ ነው። በእናንተ ሕግ ተራ ሰው 20 ላይፍ ካለው ከታች በየምቱ የሚወሰደውን ላይፍ እጥፍ አድርጉት።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? መለኪያው ተጫዋቾቹ ከሆኑ እነሱ ባደጉ ቁጥር ካርታው ይፈርሳል። ትናንት 4 የነበረው ጫካ ዛሬ 2 ይሆንና ማደጋቸውን የሚያዩበት ነገር ያጣሉ። ጫካው ባለበት ከቆየ ግን፣ ድሮ ነፍሴ አውጪኝ ብለው የሮጡበትን መንገድ አሁን እያፏጩ ሲያልፉበት ጉልበታቸው ይሰማቸዋል። (በሌሊት ያፏጩ እንደሆነ ምን እንደሚመጣ የእናንተ ጉዳይ ነው።)

2. የቦታውን ወሰን አስምሩ

«ተራራው» አንድ ቦታ አይደለም። ግርጌው አስፋልት ዳር ነው፣ ወገቡ ጫካ፣ ጫፉ ሜዳ። ወሰን ለማውጣት የምጠቀምበት መስፈርት አንድ ነው፦ ሰው ለማምለጥ የሚሮጥበት መንገድ ከተለወጠ ቦታው ተለውጧል፤ አዲስ ገጽ ክፈቱ። ይህን ካልለያችሁ አስፋልት ዳር ቆሞ ታክሲ የሚጠብቀውንና ጫካው መሀል የጠፋውን ሰው በአንድ ቁጥር ልትመዝኗቸው ነው።

3. አራቱን ጥያቄዎች ጠይቁ

ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ስጡ።

ሀ. ጉዳት፦ ክፉው ነገር ሲደርስ ምን ያህል ይጎዳል?

0 ማለት ቢበዛ መጫር ነው። 1፣ 2 እና 3 ነጥብ ማለት በአንድ ምት 1፣ 2 ወይም 3 ዳይስ ያህል ላይፍ የሚወስድ ማለት ነው። የ1 ዳይስ አማካይ 3.5 ስለሆነ የመለኪያው ሰው እስከ ሦስተኛው ምት ድረስ ይቆማል። የ2 ዳይስ አማካይ 7 ነው፤ ሁለተኛው ምት ይጥለዋል። ድምሩ 10 እና ከዚያ በላይ የሚመጣው ከ36ቱ አጣጣል በ6ቱ ስለሆነ ከስድስት ጊዜ አንዱን በመጀመሪያው ምት ያልቃል። የ3 ዳይስ አማካይ 10.5 ነው፤ እዚህ ላይ አንድ ምት የመብቃቱ ዕድል ከግማሽ በላይ ነው።

አጥቂው ከአንድ በላይ ከሆነ 1 ነጥብ ጨምሩ፤ ከ3 ግን አትለፉ። ሦስት ጅቦች በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ ይነክሳሉ፤ አንዱን እስክትጥሉት ድረስ ሁለቱ ሥራቸውን አያቆሙም። ብዛትን ንቆ የአንዱን አውሬ ጉልበት ብቻ ማየት ብዙ ቡድን ያስጨረሰ ነገር ነው።

ለ. ድግግሞሽ፦ ስንት ጊዜ ይመጣል?

በእኛ አገር ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ስለሚጠጋ ለመከፋፈል ይመቻል። በሦስት ፈረቃ ክፈሉት፦ ከምሽቱ 12 እስከ 4፣ ከ4 እስከ 8፣ ከ8 እስከ ንጋቱ 12። ቀኑንም እንዲሁ። በየፈረቃው አንድ ዳይስ ይጣላል።

- 0፦ ዳይስ አይጣልም።
- 1፦ 1 ከመጣ ክፉው ነገር ይደርሳል።
- 2፦ 1 ወይም 2 ከመጣ።
- 3፦ ከ1 እስከ 3 ከመጣ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ከስድስት አንድ» ሲባል ትንሽ ይመስላል፤ በአንድ ሌሊት ግን ሦስት ጊዜ ይጣላል። ስለዚህ ነጥቡ 1 ሲሆን በአንድ ሌሊት ቢያንስ አንዴ የመድረሱ ዕድል 42 በመቶ፣ 2 ሲሆን 70 በመቶ፣ 3 ሲሆን 87.5 በመቶ ነው። አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት እዚያው ከሰነበቱ ደግሞ ትንሹ ነጥብ ራሱ 67 በመቶ ይደርሳል። ቡድናችሁ ድንኳን የመትከል ልማድ ካለው ይህን አስቡበት።

ሐ. መውጫ፦ መጥፎ ነገር ሲመጣ መውጣት ይቻላል?

- 0፦ በየትኛውም አቅጣጫ ወዲያው መውጣት ይቻላል።
- 1፦ ይወጣል፣ ግን ጊዜ ይወስዳል ወይም ያደክማል።
- 2፦ መንገዱ አንድ ብቻ ነው።
- 3፦ መንገዱ ከኋላ ይዘጋል፣ ወይም ከመጀመሪያውም የለም።

ከአራቱ ጥያቄዎች በጣም የሚዘነጋው ይኸው ነው፤ በእኔ እምነት ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው። ክፍት ሜዳ ላይ ያለ ጅብ ያስሮጣል። መግቢያው አንድ በሆነ ጉድጓድ ውስጥ ግን ለአንድ ሰው አንድ ጅብ ይበቃዋል።

የድንጋይ ካባን እንውሰድ፣ የተተወውን። ሦስቱ ጎኖች ቀጥ ብለው የተቆረጡ ናቸው፤ በአራተኛው ጎን ድሮ ሲኖትራክ ይወርድበት የነበረው መንገድ አለ። ጫፉ ላይ የቀረው ጠጠር ጫማ ሲያርፍበት ይንሸራተታል። ታች የክረምቱ ውሃ ተጠራቅሞ አረንጓዴ ሆኗል፤ ጥልቀቱ አይታይም። አሁን መንገዱን እዩት። አፈሩ መረሬ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ሊያስገባ ይደርሳል፣ ግን ያስኬዳል። ክረምት ሲሆን ጫማ ላይ እየተለጠፈ በየእርምጃው ይከብዳል፤ ተዳፋት ላይማ ሁለት ወደፊት አንድ ወደኋላ ነው። በበጋ የመውጫ ነጥቡ 2 የነበረው ካባ በክረምት 3 የሚሆነው አዲስ ጭራቅ ገብቶበት ሳይሆን በአፈሩ ምክንያት ነው።

ሽቅብ መሮጥም እንደ ነፃ መውጫ አይቆጠርም። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እንደዚያ ባለ ከፍታ ዕቃ ተሸክሞ ዳገት የሚሮጥ ሰው ትንፋሹ የት ድረስ እንደሚያደርሰው ወጥቶ የሞከረ ያውቀዋል። ብቸኛው መንገድ እንዲህ ያለ ረጅም ዳገት ከሆነ 1 ጨምሩ፤ ከ3 ግን አትለፉ።

መ. ምልክት፦ አደጋው ከመድረሱ በፊት ይታወቃል?

- 0፦ ከሩቅ ይታያል።
- 1፦ ልብ ላለ ሰው ይታያል።
- 2፦ የአካባቢውን ሰው ካልጠየቁ አይታወቅም።
- 3፦ እስኪደርስ ድረስ ቦታው ምንም አያሳይም።

4. ደምራችሁ ደረጃውን አውጡ

አራቱን ነጥቦች ደምሩ፤ አታባዙ። ብታባዟቸው አንዱ 0 ሲሆን ሁሉም 0 ይሆንና ማንም የማይመጣበት ገደል «ሰላም» ሆኖ ያርፋል።

- ከ0–2፦ ደረጃ 1፣ ሰላም
- ከ3–5፦ ደረጃ 2፣ ጥንቃቄ
- ከ6–8፦ ደረጃ 3፣ አስጊ
- ከ9–10፦ ደረጃ 4፣ ክፉ
- ከ11–12፦ ደረጃ 5፣ ባይገቡ የሚሻል

ከዚህ ውጪ አንድ ሕግ አለ፦ መውጫው 3 ከሆነ ድምሩ ምንም ቢሆን ደረጃው ከ3 አይወርድም።

5. ቀንና ሌሊትን፣ በጋና ክረምትን ለዩ

ለአንድ ቦታ ቢያንስ ሁለት ቁጥር ጻፉ። የባሕር ዛፍ ጫካው ቀን ላይ ጉዳት 1፣ ድግግሞሽ 1፣ መውጫ 0፣ ምልክት 1 ነው፤ ድምሩ 3፣ ደረጃ 2። ግንዶቹ ቀጥ ያሉ፣ ሥራቸውም ብዙ ቁጥቋጦ የሌለበት ስለሆነ የሚመጣው ነገር ልብ ላለ ሰው ይታያል። ሲመሽ ጅቡ ይወጣል፦ ጉዳት 2፣ ድግግሞሽ 2፣ መውጫ 1፣ ምልክት 1፤ ድምር 6፣ ደረጃ 3።

የወንዙ ሸለቆ ግን ብዙዎችን ይገርማቸዋል። በበጋ ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም፦ ጉዳት 1፣ ድግግሞሽ 1፣ መውጫ 2፣ ምልክት 0፤ ደረጃ 2። በክረምት ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ያለውን ፈረቃ ደግሞ እዩት። ዝናቡ የሚጥለው ላይ ተራራው ላይ ነው፤ ታች ያላችሁት ፀሐይ እየሞቃችሁ ሊሆን ይችላል። ደራሽ ጎርፉ ሲመጣ ድንጋይና ግንድ ይዞ ነው፤ ሁለቱም ጎን ገደል ነው። ጉዳት 3፣ ድግግሞሽ 2፣ መውጫ 3፣ ምልክት 3። ድምሩ 11፣ ደረጃ 5፤ አንድም አውሬ ሳይኖርበት።

ሁለቱን ቁጥሮች አታማክሉ። የ2 እና የ5 አማካይ 3.5 ነው፤ ሸለቆው ግን በዓመቱ ውስጥ አንድም ቀን 3.5 ሆኖ አያውቅም።

ያላለቀው ኮንዶሚኒየም ቀላል ነው። አደጋው መደገፊያ የሌለው መወጣጫ ደረጃና ክፍት የሊፍት ጉድጓድ ነው፤ ሌሊት ባትሪ ለሌለው ሰው የምልክት ነጥቡ ወደ 3 ይወጣል። ዘበኛ ካለበት ድግግሞሹን በ1 ቀንሱ፤ ሰውየው በፊሽካው ያስጠነቅቃል።

6. ደረጃውን ወደ ምልክት ለውጡ

ቁጥሩ የጨዋታ መሪው ነው፤ ለተጫዋቾች አይነገርም። እነሱ የሚያገኙት ምልክት ነው። የምልክቱ ብዛት ደረጃው ሲቀነስ 1 ነው፦ ለደረጃ 3 ሁለት፣ ለደረጃ 5 አራት። ከመግባታቸው በፊት ሁሉንም የማየት ወይም የመስማት ዕድል ይኑራቸው። አለዚያ የሞተ ገጸ ባሕርይ ባለቤት «በምን ላውቅ እችል ነበር?» ሲላችሁ መልስ አይኖራችሁም።

ለጅብ ጫካ፦ መንገድ ዳር የደረቀ ነጭ ኩስ (ጅብ አጥንት ስለሚበላ ኩሱ ሲደርቅ ይነጣል)፣ ከጨለመ በኋላ ወደ ቤት የማይመለስ ውሻ፣ በጊዜ የሚዘጋ የበግ በረት። ለካባ፦ ጫፉ ላይ የተደረደረ እሾህ። ለየትኛውም ቦታ የሚሆን ደግሞ የባጃጅ ሹፌር አለ። አስፋልቱ ሳያልቅ አቁሞ «ከዚህ በላይ አልሄድም፤ እዚሁ ውረዱ» ካለ፣ ሒሳብ ጨምረውለትም እንቢ ካለ፣ ተጫዋቾቹ ወዲያው ይገባቸዋል።

የምልክት ነጥቡ 3 የሆነ ቦታስ? ቦታው ራሱ ስለማያሳይ ምልክቱ ከሰው አፍ መምጣት አለበት፤ ከቦታው ውጪ፣ ከእረኛ ወይም ከሻይ ቤት። ለሸለቆው የምጠቀምበት ይህን ነው፦ ቡድኑ ሻይ እየጠጣ ሳለ አንዲት እናት ወደ ላይ አየት አድርገው «ልጆቼ፣ ዛሬ በወንዙ በኩል አትሂዱ፤ ላዩ ጠቁሯል» ይላሉ። «እሺ እማማ» ብለው የተሻገሩ ተጫዋቾች ጎርፉ ሲመጣ አይነጫነጩም።

7. በዳይስ ፈትኑት

ቡድኑ ሳይመጣ በፊት የመለኪያውን ሰው ብቻውን አሳድሩት። በየፈረቃው አንድ ዳይስ ጣሉ። ክፉው ነገር ከደረሰና የምልክት ነጥቡ 0 ወይም 1 ከሆነ ሌላ ዳይስ ጣሉ፤ ከ4 እስከ 6 ከመጣ አስቀድሞ አይቶ ሸሽቷል። ካልሸሸ አንድ ምት ይቀበላል፤ በላዩም የመውጫ ነጥቡን ያህል ተጨማሪ ምት፤ መውጫው 2 ከሆነ በድምሩ ሦስት። የቀን አደጋ ከሆነ በሌሊቱ ፋንታ ሦስቱን የቀን ፈረቃዎች ጣሉ።

ይህን አሥር ጊዜ ድገሙት፤ ከሻይ ጋር ብዙም አይፈጅም። ደረጃ 2 ላይ ሰውየው ቢያንስ ስምንቱን ቢተርፍ ጥሩ ነው፤ ደረጃ 3 ላይ ከአምስት እስከ ስምንት፤ ደረጃ 4 እና 5 ላይ ከግማሽ በታች። አሥር ጊዜ ትንሽ ስለሆነ በአንድ ወይም በሁለት ቢዛነፍ ዕድል ነው፤ ተዉት። ደረጃ 4 ብላችሁ ዘጠኙን ከተረፈ ግን ወደ ጥያቄዎቹ ተመለሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከልክ በላይ የተሰጠው የጉዳት ነጥብ ነው።

8. ካርታው ላይ አስፍሩ

የቀኑን ቁጥር በሰማያዊ፣ የሌሊቱን ወይም የክረምቱን በቀይ ጻፉ። ከዚያ ጎረቤታሞቹን አስተያዩ። ከ1 ወደ 4 በአንድ እርምጃ የሚዘለል ቦታ ካለ መሀል ላይ የሚታይ ነገር አስቀምጡ፦ ድልድይ፣ የተዘጋ በር፣ የአስፋልቱ ማብቂያ። ተጫዋች ወሰን ማለፉን ሳያውቅ አልፎ ከተጎዳ ምልክቱን ሁሉ በከንቱ አዘጋጅታችኋል። የግማሽ ቀን መንገድ በሚያህል ርቀትም ቢያንስ አንድ ደረጃ 1 ቦታ ይኑር፤ የሚያርፉበት ከሌለ ቁስላቸው እየተደራረበ ደረጃ 2 ራሱ የማይቻል ይሆንባቸዋል።

ማስጠንቀቂያ

- የእውነተኛ ሰፈር ስም ላይ ቁጥር አትለጥፉ። መልኩን ውሰዱ፣ ስሙን ለውጡ። ከተጫዋቾቹ አንዱ እዚያ ተወልዶ ሊሆን ይችላል፤ ጨዋታው ቀርቶ የሰፈር ክርክር ይሆናል። የአምልኮ ቦታዎችንም ከዚህ ነገር አርቋቸው።
- ይህ ቁጥር ለወረቀት ነው። «በጨዋታችን 2 ነው» ብሎ እውነተኛ ካባ ጫፍ ላይ የሚቆም ወይም በክረምት ሸለቆ የሚወርድ አይኑር። ቡድናችሁ ውስጥ ልጆች ካሉ በግልጽ ንገሯቸው።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

ሁሉንም ቦታ 4 እና 5 ማድረግ ዋነኛው ነው። አዲስ መሪ ካርታው የሚያስፈራ እንዲሆን ስለሚፈልግ ይህን ያደርጋል፤ ሁሉም ቦታ እኩል ሲያስፈራ ግን ተጫዋቾቹ መምረጥ ትተው በዘፈቀደ ይሄዳሉ። ከቦታዎቹ ግማሽ ያህሉ 1 እና 2 ቢሆኑ ይመከራል።

ቁጥሩን ጨዋታው መሀል መለወጥም አለ። ቡድኑ ሲጨነቅ አዝኖ መቀነስ፣ ሲቀናው ተናዶ መጨመር። ተጫዋች ይህን ቶሎ ይነቃበታል፤ ከነቃ በኋላ ምልክቶቻችሁን አያምንም። መስተካከል ያለበት ነገር ካለ ጨዋታው ካለቀ በኋላ በላጲስ አስተካክሉ።

አንዳንዶች ደግሞ ቡድኑ አደጋውን ካስወገደ በኋላ ገጹን ሳያድሱ ይተዉታል። ጅቦቹ ከተባረሩ ድግግሞሹ ይወርዳል፤ መውጫው ግን ያው ነው። እያንዳንዱን ነጥብ ለየብቻ የምንጽፈው ለዚህም ነው።

የተሞላ ገጽ ናሙና

ስም፦ አሮጌው ካባ
ወሰን፦ ከእሾሁ አጥር እስከ ውሃው
በጋ፣ ቀን፦ ጉዳት 2፣ ድግግሞሽ 1፣ መውጫ 2፣ ምልክት 1። ድምር 6። ደረጃ 3
ክረምት፣ ሌሊት፦ ጉዳት 3፣ ድግግሞሽ 2፣ መውጫ 3፣ ምልክት 2። ድምር 10። ደረጃ 4
ምልክቶች (ለክረምት ሌሊት)፦ ጫፉ ላይ ያለው እሾህ፤ ከብቶቹን አዙሮ የሚነዳው እረኛ፤ መንገዱ ላይ ተሰክቶ የቀረ አንድ እግር ቦት ጫማ
ለውጥ፦ ቡድኑ መንገዱ ላይ ድንጋይ ካነጠፈበት የክረምቱ መውጫ ወደ 2 ይወርዳል፤ ድምር 9፤ ደረጃው 4 እንደሆነ ይቆያል